ላብ የሌላት ልጅ እናት

ምብራት በማቀዝቀዣ ጥገና ተመርቃ ሰርተፍኬቷን ይዛ የገባች ቀን፣ ሠራተኛ ሰፈር ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና የሚጠግኑት አባቷ ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው አዩና «ጎሽ ልጄ፤ ግን ለመሆኑ አዲስ አበባ ላይ ማን ይሞቀዋል?» አሏት። ቀልዳቸውን ነበር። ነገሩ ግን እውነት ሆኖ አረፈው። ከተማው ውስጥ ሥራ ስትፈልግ ከርማ በመጨረሻ ያገኘችው አፋር ውስጥ፣ አዋሽ ወንዝ ዳር ካለ የጥጥ እርሻ ነው። እርሻው ለሠራተኞቹ ያቆማቸው የቆርቆሮ ጣሪያ ቤቶች ነበሩት፤ በየቤቱ መስኮት ላይ ኤሲ ተሰክቷል። እነዚያን ማሽኖች በሕይወት ማቆየት የእሷ ሥራ ሆነ።

እዚያ ሙቀት ቀልድ አይደለም። ቀትር ላይ የበር እጀታ በባዶ እጅ አይያዝም። የጥጡ ብናኝ የኤሲዎቹን ጀርባ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ከቤት የሳበውን ሙቀት የሚያራግፍበት ያጣና እያቃሰተ ይቆማል። ምብራት ጀርባውን በብሩሽና በውሃ ታጥባለች፣ የተደፈነውን የውሃ መውረጃ በሽቦ ትወጋለች፣ ተርብ ጎጆ ሠርቶበት ከሆነም ትነቅላለች። ማሽኑ ተነስቶ የመጀመሪያውን ቀዝቃዛ አየር ሲተፋ ቤተሰቡ በሙሉ መጥቶ ፊት ለፊቱ ይቆማል። ልጆች «ምብራት መጣች!» እያሉ ከቤት ቤት ይከተሏታል። በሕይወቷ እንደዚያ የተፈለገችበት ጊዜ አልነበረም።

ተስፋሁንን ያገኘችውም እዚያው ነው። የእርሻው የውሃ ፓምፖች ኃላፊ ነበር፤ ውቤ በረሃ ተወልዶ ያደገ የፒያሳ ልጅ። «እኔ ምን ቸገረኝ፣ ከበረሃ ወደ በረሃ ነው የተዛወርኩት» ይል ነበር። ባያስቃት ኖሮ እንደማታገባው ብዙ ጊዜ ነግራዋለች። ተጋቡ፤ ሴት ልጅ ወለዱ፤ ፀደንያ አሏት።

ፀደንያ ገና ጨቅላ ሳለች ጀምሮ ትኩሳት አልለቃት አለ። ክሊኒክ በወሰዷት ቁጥር ወባ ነው ይባላል፤ መድኃኒት ይሰጣታል፤ ቀዝቀዝ ሲል ይሻላታል፤ ሲሞቅ እንደገና ትነድዳለች። ፀጉሯ ሳሳ፤ ጥርስ ማብቀልም ዘገየች፤ ሲበቅልም ጥቂትና ሹል ሆነ። ሰው ያላለው ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ምብራት የገዛ ቤቷን ኤሲ ሽፋን ፈትታ ስትሠራ፣ ልጅቷ ተንገዳግዳ መጥታ ጉንጯን ቀዝቃዛው ቧንቧ ላይ ለጠፈችው። ምብራት ልታነሳት ጎንበስ ስትል ከራሷ ግንባር ላብ ተንጠባጥቦ ልጅቷ ትከሻ ላይ ወደቀ። ያኔ ነው የነቃችው። እሷ በላብ ተነክራለች፤ ልጅቷ ግን ደረቅ ናት። አንገቷን ዳሰሰች፣ ብብቷን፣ ጀርባዋን። እሳት ነው፤ አንዲት ጠብታ እርጥበት ግን የለም። ምብራት ብናኝ የደፈነው ማሽን ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ሙቀቱ መውጫ አጥቷል።

ሳምንት ሳይሞላ አዲስ አበባ ወሰደቻት። የሕፃናት ሐኪሟ ልጅቷን ብዙ ካየቻት በኋላ መነጽሯን አወለቀችና «ላብ የሚያወጣው ዕጢ አልተፈጠረላትም» አለቻት።

«መድኃኒቱስ?»

«የሚያድናት መድኃኒት የለም። መጠበቅ ነው ያለው። ውሃ፣ ነፋስ፣ ጥላ። ከጠበቅሻት እንደማንኛውም ልጅ ታድጋለች። እዚያ በረሃ ግን እንዳትመልሻት።»

ባልና ሚስት በስልክ መከሩ። አንዳቸው ሥራ ላይ መቆየት ነበረባቸው፤ የተስፋሁን ደመወዝ ይሻላል። እሷ ልጅቷን ይዛ ፒያሳ፣ እናቱ ቤት ትገባለች፤ እሱ እዚያው ሆኖ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። «ለትንሽ ጊዜ ነው» ተባባሉ። ይኸው ፀደንያ ሦስተኛ ክፍል ደረሰች።

የአማቷ የወይዘሮ ደብሪቱ ቤት ሁለት ክፍል ያለው ያረጀ የቀበሌ ቤት ነው፤ ከፊቱ የእንጨት በረንዳ አለው። ሰፈሩ ግማሹ ፈርሶ ጎረቤቱ ወደየአቅጣጫው ተበትኗል። በፊት ፀሐይን ይከልሉ የነበሩት ቤቶች ስለሌሉ ከረፋዱ ጀምሮ ጣሪያው ይጋላል። ልጅቷና እናቷ የሚተኙበት ክፍል አንድ መስኮት ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ተቸንክሯል። ምብራት በገባች ሰሞን «እማማ፣ ይህን መስኮት ብንከፍተው» ብላ ጠይቃ ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ ቀና ሳይሉ «እሱ መስኮት አይከፈትም» አሉ። ነገሩ በዚያ ተዘጋ።

ኤሲ ማስገባት የምብራት የመጀመሪያ ሐሳብ ነበር። አልሆነም። የቀበሌ ቤት ግድግዳ ያለ ፈቃድ አይበሳም፤ ፈቃድ ልትጠይቅ ስትሄድ «ይፈርስ አይፈርስ ያልታወቀ ቤት ላይ ምን ፈቃድ አለ?» ይሏታል። ቆጣሪው ደግሞ የሦስት ቤት ነው፤ አንዷ ምጣድ ስታስቀምጥ ሌላዋ ካውያ ከሰካች ብሬከሩ ይወርዳል። በዚህ ላይ አማቷ አሉ። ወይዘሮ ደብሪቱ ልጅቷን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይወዷታል፤ ስለሚወዷትም ያለብሷታል። ሹራብ ላይ ሹራብ፣ ራስ ላይ ሻሽ፣ አንገት ላይ ፎጣ። ምብራት ታወልቃለች፣ እሳቸው ያለብሳሉ። የሐኪሟን ቃል ደጋግማ ነግራቸዋለች። «ሐኪም ምን ያውቃል፤ ሰው የሚሞተው በብርድ ነው» ነው መልሳቸው።

ምብራት ቀን ቀን አትክልት ተራ አጠገብ ካለች የፍሪጅ መጠገኛ ትሠራለች። ባለቤቱ ሱሀይብ የሚባል የወሎ ሰው ነው፤ ልጅቷን ከትምህርት ቤት የምታመጣበትን ሰዓት ጠይቃው አታውቅም፣ እሱ ነው «ሰዓትሽ ደረሰ» የሚላት። የጭማቂ ቤት ፍሪጅ፣ የሥጋ ቤት ፍሪጅ፣ በረዶ የማይሠራ፣ በረዶ የማያቆም። ኤሲ የሚባል ነገር በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። «አትድከሚ፣ እዚህ አገር ሰው ሙቀት አይፈራም፤ ነፋስ ነው የሚፈራው» ይላታል ሱሀይብ።

እንዲህ እያለች ሳለ ነው የእርሻው ሥራ አስኪያጅ የደወለው። አዳዲስ ቤቶች ተሠርተዋል፤ የጥገናው ክፍል ኃላፊ ሆና እንድትመለስ ይፈልጓታል፤ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ መልስ ትስጥ። ማታ ለተስፋሁን ደወለች፤ እሱ ቀድሞ ሰምቷል።

«ልጅቷን ለእማዬ ተያትና ነይ» አላት።

«እናትህ መስኮት አይከፍቱም፣ ተስፍሽ።»

«አያት ናት እኮ፤ ትገድላታለች?»

«አውቀው አይደለም።»

«እኔስ እስከ መቼ ነው ብቻዬን?» አለ። አንተ ና እንዳትለው እዚህ ለፓምፕ ሠራተኛ የሚሆን ሥራ ፈልጎ እንዳጣ ታውቃለች። እሱም እንደምታውቅ ያውቃል። ደህና እደሩ ተባብለው ዘጉ።

በዚያው ወር፣ ዝናብ ጠብ ሳይል በከረመበት ሰሞን፣ ምብራት እንደወትሮዋ በምሳ ሰዓት ልጅቷን ልታመጣ ከቸርችል ጎዳና በታች ወዳለው ትምህርት ቤት ወረደች። ዳገቱን በእግር ማስወጣት ልጅቷን ያነድዳታል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በታክሲ ነው የሚመለሱት። ምብራት ቦርሳዋ ውስጥ የውሃ ጠርሙስ አይታጣም፤ መስኮት ዳር ያለ ወንበር ካልተገኘም ታክሲ ታሳልፋለች። የዚያን ቀን ግን ወረፋው ረጅም ነበር፤ የተገኘው ቦታ የኋላ ወንበር መሃሉ ነው። ፀደንያን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ገባች።

ቴዎድሮስ አደባባይ ሲደርሱ መንገድ ተዘጋ። መኪናው ሁሉ ባለበት ቆመ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ የታክሲው ጣሪያ ይፋጃል፤ መስኮቶቹ በሙሉ ዝግ ናቸው።

«ወንድሜ፣ እባክህ መስኮቱን ትንሽ ክፈተው» አለች ምብራት ዳር የተቀመጠውን ሰው።

ከፈተላት። ወዲያው ከፊት ወንበር ሕፃን ያቀፈች ሴት ዞረች። «ኧረ በማርያም ዝጉት! ሳምባውን አሞት ከሐኪም ቤት እያመጣሁት ነው!» ሕፃኑ ይስላል። ሰውዬው ምብራትን አይቶ፣ ሴቲቱን አይቶ፣ ዘጋው።

«የኔም ልጅ ሙቀት አይስማማትም፤ በሽታ አለባት» አለች ምብራት።

«ሙቀት ደግሞ ማንን ገደለ?» አሉ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ። «ይልቅ ይሄ ነፋስ ነው ጅማት የሚቆራርጠው።»

ምብራት ጠርሙሷን አውጥታ ለልጅቷ አጠጣቻት፤ የቀረውን አንገቷ ላይ አፈሰሰችው። ሞቅ ያለ ውሃ ነበር። «ረዳት፣ ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች። ረዳቱ ከበሩ ሆኖ «መሃል መንገድ ላይ ማውረድ ቅጣት አለው እናቴ፤ ትንሽ ታገሺ፣ አሁን ይከፈታል» አላት። በእሷና በበሩ መካከል ሁለት ረድፍ ሰው፣ ሁለት ተጣጣፊ ወንበርና አንድ ጆንያ ሽንኩርት አለ።

«እማ፣ ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል» አለች ፀደንያ።

ከዚያ ዝም አለች። ፊቷ በርበሬ መስሏል፤ ዓይኖቿ ተከፍተዋል ግን ማንንም አያዩም። ምብራት ስሟን ጠራቻት። አልመለሰችም። ምብራት በረሃ ውስጥ የቆመ ማሽን ሁሉ ጠግና ታውቃለች፤ እዚህ ግን እጇን እንኳ የምታንቀሳቅስበት ቦታ የላትም። የምትለውን አታውቅም፣ ብቻ ጮኸች።

ሕፃን ያቀፈችው ሴት እንደገና ዞረች፤ የልጅቷን ፊት አየች። «ልጅቷ እየሞተች ነው! ክፈቱላት!» ብላ የራሷን ሕፃን ሽማግሌው ጋቢ ውስጥ ወሸቀችና እጆቿን ዘረጋች። «ስጪኝ! ስጪኝ!» ምብራት ልጅቷን በሰው ራስ ላይ አሳልፋ ሰጠቻት። ልጅቷ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈች በሩ ጋ ደረሰች፤ ረዳቱ ተቀበላት። እናትየው በጆንያውና በሰው ጉልበት ላይ ተረማምዳ ወረደች።

መንገዱ ዳር አንድ ጭማቂ ቤት ነበር። ምብራት ማንንም ሳትጠይቅ ገብታ የለስላሳውን ፍሪጅ በር ወለል አድርጋ ከፈተችና ልጅቷን ከፊቱ አስቀመጠቻት። ቀዝቃዛ የታሸገ ውሃ አውጥታ ከራስ ፀጉሯ ጀምሮ አፈሰሰችባት። የቤቱ አስተናጋጅ አፏን ይዛ ቆማ ነበር፤ ነገሩ ሲገባት ትሪ አንስታ ታራግብላት ጀመር። ዩኒፎርሙ፣ ካልሲው፣ ወለሉ ሁሉ ራሰ። ከቆይታ በኋላ ልጅቷ ዓይኗ ተመለሰ። ዙሪያዋን አየችና «እማ፣ ቦርሳዬ ታክሲው ውስጥ ቀረ» አለች። ምብራት እዚያው እርጥብ ወለል ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ ደብሪቱ በረንዳው ላይ ነበሩ። ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ ርሳ ሲያዩዋት «ምነው! ምነው! ልጄን በብርድ ልትገያት ነው!» ብለው ብድግ አሉ። እየጎተቱ አስገቧት፤ እርጥቡን ልብስ አወለቁላት፤ የራሳቸውን ጋቢ አልብሰው አልጋ ላይ አስተኟትና በሩን ዘጉ። ምብራት እስከዚያ ድረስ ለአማቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

«እማማ፣ ያንን ጋቢ ያውልቁላት!»

«አላወልቅም!»

«እንግዲያው እጅዎን ይስጡኝ» አለችና የአሮጊቷን እጅ ይዛ ጋቢው ሥር፣ የልጅቷ ጀርባ ላይ አኖረችው። «ምን ይሰማዎታል?»

«ትኩሳት ነው… ነድዳለች።»

«በሽታ አይደለም እማማ። ጋቢው ነው። አሁን ስትገባ ቀዝቅዛ ነበር። እርስዎ እኮ በሙቀት እያፈኗት ነው። ብብቷን ይንኩት፤ ላብ አለ? ከተወለደች ጀምሮ አንድ ቀን ላብ አይተውባት ያውቃሉ?»

ወይዘሮ ደብሪቱ እጃቸውን አላነሱም። ከዚያ ጋቢውን ቀስ ብለው ገፈፉና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሲናገሩ ወደ መስኮቱ እያዩ ነበር።

«ከተስፋሁን በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ። እዚህ አልጋ ላይ ነበር የሚተኛው። ክረምት ነው፤ የመስኮቱ መስታወት ተሰብሮ፣ ዛሬ ነገ አሠራዋለሁ ስል ሳምባውን መታው። ሦስተኛው ቀን ላይ አለቀ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ እኔን ትቶ መስኮቱን ነበር የሚያየው።» አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። «በእጄ ነው የቸነከርኩት። መስኮት ተከፍቶ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ምብራት። ምን ላድርግ?»

ምብራት ለዓመታት የጠላችው መስኮት ነበር፤ አሁን ግን እሱን መክፈት ሌላ ነገር ሆነባት።

በነጋታው ተስማሙ። መስኮቱ ፀሐይ ስትወጣ ይከፈታል፤ ሲመሽ ይዘጋል። ወይዘሮ ደብሪቱ ምስማሩ ሲነቀል ማየት ስላልፈለጉ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ምስማሮቹ በዝገት ከእንጨቱ ጋር አንድ ሆነው ነበር፤ ምብራት በካቻቪቴና በፒንሳ ስትታገል ዋለች። ከሱሀይብ ሱቅ ያረጀ የፍሪጅ ላሜራና ትንሽ ማራገቢያ አምጥታ መስኮቱ ላይ የሚገጠም ሳጥን ሠራች፤ ጎኑን በቃጫ ሞላችው፤ ቃጫው ላይ ውሃ እንዲንጠባጠብ አደረገች። ማራገቢያው የውጪውን አየር በእርጥቡ ቃጫ እያሳለፈ ወደ ክፍሉ ይነፋል። ከአምፖል ብዙ አይበልጥም የሚወስደው መብራት፤ ብሬከሩ አልወረደም። አየሩ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ክፍሉ ቀዝቀዝ ይላል። ኤሲ አይደለም። በቀትር ፀደንያን መጽሐፍ ይዛ እንድትቀመጥ የሚያስችል ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ወይዘሮ ደብሪቱ ሳጥኑ ሲነፋ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። አንዳንድ ቀን ገና ሳይመሽ መጥተው ይዘጉታል፤ ምብራትም መልሳ አትከፍተውም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁለቱም ተራ በተራ በካርቶን ያራግቡላታል።

ሚያዝያ ሲያልቅ ምብራት ለእርሻው ደውላ እንደማትመለስ ተናገረች። ለተስፋሁንም የታክሲውን ነገር ነገረችው። መጨረሻ ላይ «ገባኝ» አለ። እመጣለሁ አላለም። እሷም ና አላለችውም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሱቅ ውስጥ እያለች የማታውቀው ቁጥር ደወለላት። በእሷ ፋንታ የተቀጠረው ሰው ነው፤ ቁጥሯን ከተስፋሁን ነው ያገኘው። አንድ ማሽን ይነሳና ወዲያው ይቆማል፤ ጋዙን አይቷል፣ መብራቱን አይቷል፣ ግራ ገብቶታል።

«ስልኩን አስጠጋልኝ» አለችው።

አስጠጋላት። የማሽኑን ማቃሰት ሰማች። ከበስተጀርባ የልጆች ጫጫታ አለ፤ ዶሮ ይጮሃል፤ አንዲት ሴት በአፋርኛ ትጣራለች።

«ከጀርባ የሚሸፍነውን ብረት ፈትተሃል? ብሩሽ ብቻ አይበቃውም፤ ከውስጥ ወደ ውጪ በውሃ እጠበው። ጥጡ ወደ ውስጥ ገብቶ ይሆናል።»

ስልኩን ሳይዘጋ አስቀመጠው። እሷም አልዘጋችም። የውሃውን መፍሰስ፣ የብረቱን መንኳኳት ሰማች። ከዚያ ማሽኑ ተነሳ፤ አልቆመም። ልጆቹ ጮኹ። ሰውዬው ደስታው ስልኩን አስረስቶት ኖሮ ማመስገን እንኳ ሳያስታውስ መስመሩ ተቋረጠ።

ሱሀይብ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ «ሰዓትሽ ደረሰ» አላት።

እናትና ልጅ አሁን ታክሲ አይይዙም። ዣንጥላና እርጥብ ነጠላ ይዘው ቸርችል ጎዳናን በእግር ይወጣሉ፤ ከአንዱ ሕንፃ ጥላ ወደ ሌላው፣ እያረፉ። የሰው ሩብ ሰዓት የእነሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። የዚያን ቀን አደባባዩ ዳር ካለ ሕንፃ ሥር ቆሙ። ከዚያ ወዲያ እስከሚቀጥለው ጥላ ድረስ ያለው አስፋልት ረጅም ነው፤ ፀሐይዋም በርትታለች። ፀደንያ ግድግዳውን ተደግፋ ሰማዩን ታያለች።

«እማ፣ ያ ደመና ወደዚህ የሚመጣ ይመስልሻል?»

ምብራት ቀና አለች። ከእንጦጦ በላይ አንዲት ትንሽ ደመና አለች፤ መሄድ አለመሄዷ አይታወቅም።

«እንጠብቀው» አለቻት።